ለቬንትሌተር የፉርጎ ግራሶ

እኔን በሕይወቴ ብዙ ነገር አናዶኛል። ሙቀት አናዶኛል። ስብሰባ አናዶኛል። ኢብሮ የሚባል ልብስ ሰፊ ጎረቤት አለኝ፤ እሱ ደግሞ ሥራዬ ብሎ ያናድደኛል። እንደ ኩሽኔታ ያናደደኝ ፍጥረት ግን የለም።

ኩሽኔታ ስላችሁ የፉርጎውን እንዳይመስላችሁ። የፉርጎውን አውቀዋለሁ፤ እንደ ወንድሜ ነው። የማወራችሁ ስለ ቬንትሌተር ኩሽኔታ ነው። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ቀለበት ናት፤ ውስጧ ማሽላ የሚያካክሉ የብረት ብዮች ተደርድረዋል። ስታይዋት ለጣት ትሆናለች፤ ስትጮህ ግን ለአገር ትበቃለች።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የተዛነፈ ነገር ካያችሁ በአስተማሪዬ ፍረዱ። ልጅቷ ትቸኩል ነበር።

ድሮ ባቡር ጋራዥ ነበርኩ። ሹፌር አልነበርኩም፤ ሹፌር ነበርኩ የሚል ጡረተኛ ድሬዳዋ ሞልቶላችኋል፣ ሁሉም እውነት ቢናገር ኖሮ ለአንድ ባቡር አንድ ቀበሌ ሹፌር ይደርሰው ነበር። እኔ ዘይት አጠጪ ነበርኩ። ባቡሩ ሲቆም ሰው ሁሉ ወርዶ ጥላ ሲፈልግ እኔ ከሆዱ ሥር እገባለሁ። የፉርጎ እግር ላይ የዘይት ሳጥን አለ። ክዳኑን ከፍቼ በትልቅ ጭልፋ እገለብጥለታለሁ። ግራሶ የሚባለውንም ወፍራም ቅባት በመዳፌ እያፈስኩ እጠቀጥቅለታለሁ፣ ልክ ለሙሽራ ገንፎ እንደሚቆለል። አለቃችን «ብረት ጠገብኩ ብሎ አያውቅም፤ እስኪተርፈው ስጠው» ይለን ነበር። ይሄን ቃል እንደ ሃይማኖት ይዤው ነው ከጋራዥ የወጣሁት። እሱንና አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ግራሶ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ቬንትሌተሩን ያመጣችልን ሐሊማ ናት። ሐሊማ ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ የምታመላልስ ሶማሌ ናት፤ ስትሄድ ሸንበቆ፣ ስትመለስ ጎተራ። ምላጮቹን፣ የሚዞሩትን ክንፎች፣ ቀሚሷ ሥር አሰረቻቸው። ሞተሩን ቴምር ጆንያ ውስጥ ቀበረችው። የሽቦውን ክዳን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ሻሽ ጠመጠመችበትና፣ የጉምሩክ ዘበኞቹ ፊናንሶቹ ሲፈትሹ «ራሴን እያመመኝ ነው፣ አትንኩኝ» ብላ አለፈች። እንዲህ ተበታትኖ የገባ ዕቃ ነው። ደረሰኝ የለው፣ አባት የለው።

ሲገጠም ሚስቴ ዘሃራ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። «አሁን ገና ድሬን ይቅር አልኳት» አለች። ዘሃራ የሐረር ልጅ ናት። ሐረር እንደምታውቁት ነፋሻ ነው። ሙቀቱን ለጥሎሽ ማህር አድርጌ የሰጠኋት ይመስል ከተጋባን ጀምሮ በየግንቦቱ ትወቅሰኛለች።

ቬንትሌተሩ አንድ ዓመት በደንብ ሠራ። በሁለተኛው ግንቦት ግን መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ጫጩት ነበር። ቀጥሎ እንደ በር። በመጨረሻ ወላሂ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ሆነ፤ ከጀመረ አያቆምም፣ ምን እንደሚልም አይታወቅም።

«በዚህ ጩኸት ከምተኛ ጣራ ላይ እንደ በርበሬ ብሰጣ ይሻለኛል» አለች ዘሃራ። «እስከ ቅዳሜ ካልተሠራ እህቴ ጋ ሐረር እወጣለሁ። ዝናብ ሲመጣ እመለሳለሁ።»

«ውጪ!» አልኳት። «ማን ያዘሽ?»

እንደዚህ ነው የምመልሰው። አፌ ከእኔ ይቀድማል። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ባለፈው ጊዜ «ዝናብ ሲመጣ» ብላ ሄዳ፣ ዝናቡ መጣ፣ ወንዛችን ደቻቱ ሞላ፣ ደቻቱ ጎደለ፣ እሷ አልመጣችም። ሳትመጣ የበላሁትን አልነግራችሁም። ደግሞ ከምግቡ የባሰው ቤቱ ነው። መልስ የሚሰጥ ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ መናደድ ምን ያደርጋል? ግድግዳውን «ዝም በል» ብለው ዝም ይላል።

እና ቅዳሜ ሳይደርስ መሥራት አለብኝ። ሠሪ ጋ እንዳልወስደው ቤታችን መጋላ ነው፤ ሠሪው ያለው ከደቻቱ ወዲያ ማዶ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው። መሐል ላይ ፊናንስ አለ። ደረሰኝ የሌለው ቬንትሌተር ይዞ በድልድይ ማለፍ ማለት በግ እየጎተቱ ከጅብ ፊት ማለፍ ነው። ደግሞስ ለምን ሠሪ ጋ እሄዳለሁ? ስንት ፉርጎ ያጠጣሁ ሰውዬ ለአንዲት የጣት ቀለበት ሰው ልጠይቅ?

ፈታሁት። ኩሽኔታዋን አወጣኋት። ደርቃ፣ ደቃቅ አሸዋ ቅማ ቁጭ ብላለች። ቆርቆሮዬን አመጣሁና ያንን ጥቁር ግራሶ ጠቀጠቅኩላት። ብዮቹ እስኪሰወሩ። ዙሪያዋንም ለጠፍኩ። የተረፈውን ዘንጉ ላይ አለበስኩት። መለስኩና ገጠምኩት። ሰካሁት።

ጸጥ።

«አየሽ?» አልኳት።

ዘሃራ አየች። «ጸጥ ብሏል» አለች። «አይዞርማ።»

ይዞራል! ቀስ ብሎ ነው እንጂ ይዞራል። ግራሶው ውስጥ ጭቃ እንደገባች ጋሪ ሞተሩ እም… እም… ይላል። አንዲት ዝንብ ምላጩ ላይ ቁጭ አለች፤ አንድ ዙር እንደ ባቡር ተሳፋሪ ተቀምጣ ሄዳ በገባችበት በኩል ወረደች። በዓይኔ ነው ያየሁት። ከዚያ ሞተሩ ጋለና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

ኢብሮ በዚህ ጊዜ መግባቱ አይቀርም። ይሄ ሰውዬ የእኔ ነገር ሲበላሽ በአፍንጫው ያውቃል።

«አቦ ምንድን ነው? ጎማ ትጠብሳለህ እንዴ?» አለ። ቬንትሌተሩን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ። ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ በአፍንጫው ወጣ። «ያ ጀማዓ፣ ኑ እዩ! ይሄ ሰውዬ ለወፍ ኮርቻ ጫነ!»

«አንተ በመርፌህ ተጫወት።»

«ስማኝማ። ይቺን የመሰለች ነገር ቀጭን ዘይት ነው የምትፈልገው። የስፌት መኪናዬን በምን የማጠጣት ይመስልሃል? ጠብ። በቃ። ስትበዛባት ትከብዳለች፤ ትከብድና ትግላለች። እኔ ጋ አለ፣ ላምጣልህ።»

«የመርፌ ዘይት ለመርፌ ነው» አልኩት። «እኔ ባቡር ያጠጣሁ ሰው ነኝ።»

«ባቡር ጠጥቶ ጅቡቲ ይሄዳል። ይሄ የት ይሄዳል? እዚሁ ነው የሚዞረው።»

አስወጣሁት። አሁን እናንተ «ለምን እሺ አላልከውም?» ትላላችሁ። ኢብሮን ስለማታውቁት ነው። ኢብሮ አንድ ቀን ጨው ያበደረህ እንደሆነ፣ በሠርግህም በቀብርህም «የዚያን ቀን ወጥ ያጣፈጥኩለት እኔ ነኝ» ይላል።

ስለዚህ በራሴ አሰብኩ። ግራሶው ወፍራም ነው፤ እሺ። ቀጭን ይሁን። ኩሽኔታዋን በላምባ አጠብኳት፤ ጥቁሩ ሁሉ ወጣና እንደ አዲስ አበራች። ቀጭን ዘይት የት አለ? ኅብረት ሱቅ ዘይት ከመጣ ሰንብቷል። ዓይኔ ዘሃራ ፀጉሯን የምትቀባው የሰሊጥ ዘይት ላይ አረፈ። ለሴት ጭንቅላት የተስማማ ለብረት ጭንቅላት የማይስማማበት ምን ምክንያት አለ? አፈሰስኩበት። ጠብታ አይደለም፣ አፈሰስኩበት። ብረት አይጠግብማ።

አቦ፣ ዞረ! ምን የመሰለ ዞረ! መጋረጃው ተነስቶ ጣራ ነካ። ዘሃራ እንኳ «እህ» አለች፤ የእሷ «እህ» የሌላ ሰው ጭብጨባ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ወጥቼ ኢብሮ እንዲሰማ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

የማግሥቱ ቀን ሞተሩ ሲሞቅ ቤቱ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይሸት ጀመር። የሚጠበስ ሳምቡሳ። ጎረቤት «ዛሬ ምን አለ?» እያለ ብቅ ይላል። ሐሊማ ራሷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ዋሪያ፣ ሳምቡሳ ጠብሳችሁ ዝም?»

«ቬንትሌተር ነው የሚጠበሰው» አላት ኢብሮ ከኋላዋ። «በሥጋ ይሁን በምስር ገና አልታወቀም።»

በሦስተኛው ቀን ዘይቱ ሙጫ ሆነ። የመጥበሻ ዳር ላይ የሚቀረውን ታውቁታላችሁ? እንደሱ። ደግሞ የደቻቱ አቧራ ሙጫ ሲያገኝ እንደ ዘመድ ነው፣ አይወጣም። ቬንትሌተሩ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። በጣቴ ብገፋው አልንቀሳቀስ አለ። ዓርብ ነው።

ዘሃራ ተነሳች። አንሶላዋን ማጠፍ ጀመረች።

ቅዳሜ ጠዋት ወሰንኩ። ከዚራ ሠሪው ጋ እወስደዋለሁ። እንዴት? በጫት። ወፈር ያለ እስር ጫት ገዛሁ፤ ቬንትሌተሩን መሐል አድርጌ ቅጠሉን ዙሪያውን አሰርኩበት። በሙዝ ቅጠል ጠቀለልኩት። የተከበረ ሰው ለዘመዱ የሚወስደው ጫት መሰለ። በድልድዩ አልሄድም፤ ደቻቱ ደርቋል፣ በአሸዋው አቋርጣለሁ። ፊናንስ ድልድይ ላይ ነው የሚቆመው።

አንድ ነገር ግን ረሳሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ተወልጄ፣ ድሬዳዋ ውስጥ አርጅቼ፣ ይሄን መርሳቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ጫት ተሸክሞ የሚሄድ ሰው እዚህ አገር የብቻው ሰው አይደለም።

ከሰፈር ሳልወጣ አንድ የድሮ ጓደኛዬ፣ ጋራዥ አብረን የነበርን፣ «አቦ ጀባ በለና!» አለኝ። ጀባ በለኝ የተባለ ሰው አይሰጥም? ሰጠሁት። ጋሪ ነጂው ቆመ፤ «ጀባ!» ሰጠሁት። አንዱ ቢዮ አዋሌ ነው አገሬ፣ ከዚያ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት አለኝ፤ ለእግረኛ እንዴት ይከለከላል? አሸዋው ላይ ስወርድ ደግሞ እዚያ ልብስ የሚያጥቡ፣ አሸዋ የሚጭኑ፣ ምንም የማይሠሩም አሉ፤ ሁሉም ያውቁኛል። የማያውቁኝም በዚያ ቀን ተዋወቁኝ። ልከለክል እችል ነበር? ከከለከልኩ ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ምን ይዟል?» ይላሉ። እየሰጠሁ፣ እየተሳደብኩ፣ እየሰጠሁ ሄድኩ። እስሩ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ አንዱ ምላጭ ከቅጠሉ ውስጥ እንደ አህያ ጆሮ ብቅ አለ። በኩታዬ ሸፈንኩት።

ከድልድዩ ሥር ጥላ አለ። በዚያ ፀሐይ ድልድይ ላይ የሚቆም ሞኝ የለም ለካ። ፊናንሱ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከድልድዩ ሥር ጥላው ላይ ተቀምጧል።

«አባት፣ ይምጡ እስቲ እርስዎ» አለኝ።

ከደጋ የመጣ መሆኑን ያኔውኑ አወቅኩ። ድሬ ላይ «እርስዎ» የሚባል ሰው ገና አልተወለደም።

«ጫት ነው» አልኩት ሳይጠይቀኝ።

«አየሁት። ትንሽ ጀባ አይሉኝም?»

በደጋ እርስዎ፣ በቆላ ጀባ! ሁለቱንም ተምሯል። የመጨረሻዋን እንጨት መዘዝኩለት። ያቺ ስትወጣ ማሰሪያው ላላ፤ ቬንትሌተሩ ራቁቱን ቀረ። ሁለታችንም አየነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ተናድጄ ነበር። ፀሐዩ፣ አሸዋው፣ ያ ሁሉ ጫት። «ቬንትሌተር ነው» አልኩት። «ከጅቡቲ ነው። ደረሰኝ የለውም። እሰረኝ።»

ፊናንሱ ተነሳ። ቬንትሌተሩን ዞር ዞር ብሎ አየው። ምላጩን በጣቱ ገፋው። ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጁ ገፋው። ጢ… ብሎ ቆመ። ጣቱን አሸተተና ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ አጨማደደው።

«ይሄማ አይዞርም» አለ። «የማይዞር ቬንትሌተር ኮንትሮባንድ አይባልም። ቁርጥራጭ ብረት ነው። ይዘው ይሂዱ።»

ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? «አላህ ይስጥህ ልጄ» ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን «አይዞርም» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ስንት ቀን የለፋሁበትን!

«ይዞራል!» አልኩት።

«አይዞርም፣ አባት።»

«እኔ ነኝ ወይስ አንተ የምታውቀው? ባቡር ያጠጣሁ ሰው ነኝ! ይዞራል! መጋረጃ ጣራ ያስነካል!»

«ከዞረ እወርሰዋለሁ» አለኝ በቀስታ።

«ውረሰው! ግን ይዞራል!»

ልብስ አጣቢዎቹ ሥራቸውን ትተው ይሰማሉ። ፊናንሱ ግራ ቀኝ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አባት፣ እባክዎ ሳላምንዎት ይሂዱልኝ።»

ሄድኩ። ሠሪው ሱቅ ደረስኩ። ዝግ ነው። ይሄንንም ረስቼዋለሁ፤ ቀትር ላይ ድሬዳዋ ውስጥ የሚከፈት ነገር የሰው አፍ ብቻ ነው፣ እሱም ለማዛጋት። ማታ እስኪከፍት ብጠብቅ የሐረር ሎንቺና ይሄዳል። በሩን በእግሬ መታሁት፤ የተጎዳው እግሬ ነው። ያንን ብረት ተሸክሜ በዚያው አሸዋ ተመለስኩ። ፊናንሱ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ።

ቤት ስደርስ የዘሃራ ጓዝ ታስሮ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ኢብሮ አጠገቡ ቆሟል፤ ጓዙን ሎንቺናው ድረስ ሊሸከምላት መጥቶ ነው። ምንም አላለም። ሲናገር ያናድደኛል፣ ዝም ሲል ግን የባሰ ነው። ቬንትሌተሩን መሬት ላይ ጣልኩት።

«ዝግ ነው» አልኩ።

ዘሃራ አየችኝ። እግሬ አቧራ ነው፣ ኩታዬ ላይ የጫት ቅጠል ተለጥፏል። ከዚያ ቁጭ አለችና ቬንትሌተሩን ፈታችው። ስንት ጊዜ ስፈታ አይታኛለች፣ ቀኝ እጇ ያውቀዋል። ኩሽኔታዋን በላምባ አጠበች፣ በሻሿ ጫፍ ብይ በብይ ጠረገች፣ ፀሐይ ላይ አደረቀች። እጇን ወደ ኢብሮ ዘረጋች። ኢብሮ ከኪሱ የስፌት መኪናውን ዘይት ብልቃጥ አወጣ። ይዟት ይዞር ነበር ማለት ነው! ዘሃራ ከሻሿ ላይ መርፌ ነቅላ ጫፉን ነከረች፤ ብዮቹ መሐል አስነካች።

«ጨምሪበት» አልኩ። «ይሄ ለጉንዳን ቅንድብ አይበቃም።»

እጄን በመርፌው ወጋችኝ። ገጠመችው። በመስኮት በኩል ሽቦውን ወስዳ ሰካችው።

ዞረ። ድምፅ የለውም። ነፋሱ ባይኖር መዞሩን አታውቁም ነበር። የጓዟ ጨርቅ ጫፍ ተነስቶ ይውለበለባል። ሐሊማ ከደጇ «ማሻአላህ» አለች። የኢብሮ ጥርስ አልተዘጋም።

ዘሃራ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። ጓዙን አነሳች።

«ወዴት ነው?» አልኳት። «ተሠራ አይደል?»

«አንተ ሠራኸው?» አለች። «ቅዳሜ ነው። ‹ውጪ፣ ማን ያዘሽ› ያልከኝ አንተ ነህ። ማንም አልያዘኝም።»

ኢብሮ ጓዙን ተቀበላት። ሁለት እርምጃ ሄዱ። እኔም ግራሶ እንደተጠቀጠቀበት ሞተር ሆንኩ። እም… እም… አልኩ።

«አትሂጂ» አልኩ። በቀስታ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ እያየ ነው።

ዘሃራ ቆመች። ዞር ብላ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ምን አልክ? ቬንትሌተሩ እየጮኸ አልሰማ አለኝ።»

ቬንትሌተሩን አየሁት። ሽው ይላል። የደቻቱ አሸዋ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ከሱ በላይ ድምፅ አላት። ኢብሮን አየሁት፤ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሐሊማን አየኋት፤ አፏን በሻሿ ይዛለች።

«አትሂጂ!» ብዬ ጮህኩ፤ ከደቻቱ ወዲያ ማዶ ከዚራ እስኪሰማ። ተናድጄ ነው። እስከ ዛሬም እንደተናደድኩ ነኝ።